ባዶ ምስማር የሌለው ግድግዳ

ትልቁ ጎዳና ከባቡር ጣቢያው ሲነሳ ጨዋ ነው። ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ የሐኪም ቤቱን አጥር ታክኮ፣ ቀጥ ብሎ ዳገቱን ይወጣል። ቁልፍ ሠሪው ሱቅ ጋ ሲደርስ ግን በድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ቤቷን ይዞራትና እንደገና ወደ ቀኝ ተመልሶ ወደ ድልድዩ ይወርዳል። ሾፌሮች እዚያ ሲደርሱ መሪያቸውን እየጠመዘዙ ይራገማሉ። ሰፈርተኛው ቦታውን «ክርኑ» ይለዋል፤ አውቶቡስ ውስጥም «ክርኑ ላይ ወራጅ አለ!» ነው የሚባለው።

ጎዳናው ለምን እንደታጠፈ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መንገዱ ሲቀየስ እዚያ ቦታ ላይ የአንዲት ባል የሞተባት ሴት ቤት ነበረች። የመንገዱ አለቃ መጥቶ «እናቴ፣ ቤትዎ መንገዱ ላይ ነው ያለው» ቢላት፣ «የለም ልጄ፣ መንገድህ ነው ቤቴ ላይ ያለው» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሠራተኞቹ ሲመጡ በርጩማዋን ይዛ ደጃፏ ላይ ቁጭ፣ ማታ ሲሄዱ ብድግ። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ሆነ። አለቃው ለበላዮቹ ምን ብሎ እንደጻፈ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ጎዳናው ዞሯት አለፈ።

ቁልፍ ሠሪው የሚሠራው በዚያችው ቤት ነው። የሴትዮዋ ልጅ የቁልፍ ሙያተኛ ነበር፤ የዛሬው ቁልፍ ሠሪ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ከሱ ዘንድ ሥራ ሊለምድ መጣና በሦስተኛው ዓመት የመምህሩን ሴት ልጅ አገባ። ሙያውንም፣ ሚስቱንም፣ ጣሪያውንም ያገኘው ከአንድ ደጃፍ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ሰው ዓለምን ቢያምን አይፈረድበትም ነበር። እሱ ግን አላመናትም።

ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ከኋላው ግን «ጠርጥር» ነው ስሙ። ያውቃል፣ አይከፋውምም። ሌላው ነጋዴ «እግዜር ይስጥልኝ» በሚልበት ቦታ እሱ ቁልፉን እያቀበለ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። የማን በር እንደሆነ፣ ከበሩ ኋላ ማን እንደሚያድር፣ የመጀመሪያው ቁልፍ ምን ሆኖ ሁለተኛ እንዳስፈለገ ሳይጠይቅ ሞረድ አያነሳም። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሙን «ሚስትህን ይዘህ ና» ብሎ በሩ ላይ መልሶታል። የሚያምነውን ሰው አንተ፣ አንቺ ይላል፤ የጠረጠረውን ደግሞ ትንሽ ትልቅ ሳይል «እርስዎ» እያለ ያከብረዋል። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ «ጋሼ እርስዎ ካለህ ቤትህ ግባና ራስህን መርምር» የሚባል ቀልድ አለ።

ቁልፍ ነክሶ ከሚይዘው ሞርሳ ኋላ ያለው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። ይህ የሙያው ምስጢር ነው፣ ያወረሰውም መምህሩ። ቁልፍ ሲሞረድ አንዳንዴ ይበላሻል፤ አንድ ጥርስ ያልፋል ወይም ያጥራል። ሌላው ሠሪ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። መምህሩ ግን «የተበላሸ ቁልፍ ለሌባ ግማሽ ቁልፍ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ የተበላሸው ሁሉ የቆርቆሮ መለያ ይታሠርለታል፤ መለያው ላይ የማን በር እንደሆነና የተሞረደበት ቀን በመምቻ ይወቀራል፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ በተራው ምስማር ይሰቀላል። አንድ ምስማር፣ አንድ ቁልፍ፤ ተራ አይዘለልም፣ ባዶ ምስማር አይተውም። መምህሩ ጀመረው፣ እሱ ቀጠለው። ባለቤቱ በዚያው ክፍል ማዶ የስፌት መኪናዋ ላይ አርባ ዓመት ስትቀመጥ መጋረጃውን ገልጣ አታውቅም። የአባቷን ደንብ ታከብራለች።

ታዲያ አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት በእጇ ደብተር፣ በሌላው እጇ ባለ ጎማ መለኪያ እየገፋች ከጣቢያው በኩል መጣች። በየሱቁ ትቆማለች፣ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች። ክርኑ ጋ ስትደርስ ቁልፍ ሠሪው መነጽሩን አውልቆ ይጠብቃታል።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። የጎዳናውን ታሪክ እየሰበሰብኩ ነው።»

«ለማን ነው የሚሰበስቡለት?» አላት።

ልጅቷ ታናሽ ልጁ ልትሆን የምትችል ናት። «እርስዎ» መባሏ አስደስቷት ፈገግ አለች፤ ምስኪን፣ ምን ታውቃለች።

«ለማዘጋጃ ቤቱ። ይህች ቤት ከመንገዱ በፊት ነበረች ይባላል። ጎዳናውም የታጠፈው በሷ ምክንያት ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

የቁልፍ ሠሪው ጭንቅላት እንደ መፍጫ ተሽከረከረ። መለኪያ ይዞ የመጣ ሰው ለደግ አይመጣም። አሮጌ ነው ካልኳት «አርጅቷል፣ ይፍረስ» ይላሉ። አዲስ ነው ካልኳት ምን ያደርጉታል? ይተዉታል።

«ውሸት ነው» አላት። «ቤቷ የትናንት ናት። መንገዱ ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የተሠራችው።»

«ታዲያ ለምን ታጠፈ?»

«ድንጋይ ነው። ከሥር ትልቅ ድንጋይ አለ። ድማሚት አልበግረው ብሎ ነው።»

ልጅቷ ጻፈች። ገና መንገዱን ሳታቋርጥ እሱ በጓሮ በኩል ዞሮ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ከማዶ ያለ ጎረቤቱ ነው፤ አፉ ከመቀሱ ይፈጥናል።

«ትመጣለች፣ ትጠይቅሃለች። ዝም አይነቅዝም። ዝም ማለት ካቃተህ ደግሞ ድንጋይ ነው በል።»

«የምን ድንጋይ?»

«ከሥር ያለው።»

ፀጉር አስተካካዩ ሰው የሚያስቅ ነገር ካገኘ ለምን ወዴት አይልም። ልጅቷ ስትመጣ ድንጋዩን ዝሆን አሳከለው። ጫማ ሰፊው ከፍ አደረገው፣ ጋዜጣ ሻጩ ውኃ አፈለቀበት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከክርኑ ሥር አንድ ተራራ ተቀበረ።

ባለቤቱ የሰፋችውን ልብስ ለደንበኛ አድርሳ ስትመለስ ፀጉር አስተካካዩ እየሳቀ ነገራት። እሷ አልሳቀችም። ሱቁ ውስጥ ገብታ ቆመች።

«አያቴን ድንጋይ አደረግካት!»

«ቤቱን ላድን ብዬ ነው።»

«ያቺ ሴትዮ ዝናብ እየመታት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው ያቆመችው። አንተ በአንድ ጠዋት ድንጋይ! አሁኑኑ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ብትቀይሪው ይጠረጥሩናል።»

«እነሱ?» አለች። «በዚህ ጎዳና ላይ ካንተ ሌላ የሚጠረጥር ሰው አለ?»

ግን አልሄደችም። ሰውን በሰው ፊት ማዋረድ አይሆንላትም። ያን ቀን መኪናዋን ስትረግጥ ድምፁ ከወትሮው ይበልጥ ይሰማ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ማለዳ የሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘ። ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ማጣበቂያውን ሳይቀር አሸተተው። ጎዳናው ክርኑ ላይ ሊቃና ነው። ከመንገዱ በፊት የነበሩ ቤቶች አይነኩም፤ ከመንገዱ በኋላ የተሠሩት ይነሳሉ። ተቃውሞ ያለው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ ይላል።

ተራራ የቀበሩት ጎረቤቶች ማስታወቂያውን ከበው ቆሙ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ፣ ቤቱ ከማዶ ነውና ባይነካም፣ አፈረ።

ባልና ሚስቱ የዚያኑ ቀን ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ልጅቷ ከአንድ ትልቅ ካርታ ኋላ ተቀምጣለች። ቁልፍ ሠሪውን አይታ አወቀችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት እኮ የትናንት ቤት ናት ያሉኝ። ሰፈሩም ሁሉ ድንጋይ ነው አለ። እኔ እኮ የሴትዮዋን ታሪክ ከጣቢያው ጀምሮ ስሰማ ነው የመጣሁት፤ እውነት ቢሆን ብዬ ተመኝቼ ነበር።»

«ዋሽቼ ነው» አለ ቁልፍ ሠሪው። ይህችን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደከበደው ያየችው ሚስቱ ብቻ ናት።

«አምናለሁ። ግን እኔ ማመኔ አይበቃም። የቤቱ ወረቀት አለ? ቀን ያለበት ማንኛውም ነገር?»

ሴትዮዋ ወረቀት አልነበራትም። የነበራት በርጩማ ነው። ተመለሱ።

ድልድዩን ሲያልፉ ባለቤቱ ቆም አለች። «የአባቴ ግድግዳስ?»

«የምን ግድግዳ?»

«ቁልፎቹ ነዋ! ሁሉም ቀን አላቸው። አባቴ መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ነው ሥራ የጀመረው። መጀመሪያ የተሰቀለው የዚችው የቤታችን ቁልፍ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ቁልፍ ሠሪው ይህን ነገር ከማስታወቂያው ጀምሮ ሲያስበው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። «የሰው ምስጢር ነው» አላት። «የስንት ሰው በር ነው እዚያ የተሰቀለው።»

ምክንያቱ ግን የሰው ምስጢር አልነበረም። የራሱ ነበር።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባለቤቱ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነበረቻት፤ ቁልፏን አንገቷ ላይ ታስረዋለች። እሱ በሌለበት ከፍታ ስታይ ትቆያለች፣ እሱ ሲገባ ትዘጋለች። አልጠየቃትም። ቢጠይቃት ትመልስለት ነበር፤ ግን መልሱን አያምነውም። ስለዚህ ስትታጠብ ቁልፉን አነሳና ሳሙና ላይ ተጫነው። በሳሙናው አሻራ ልክ ቁልፍ ሞረደ። አሻራው ጥልቀት አልነበረውምና የመጀመሪያው ተበላሸ። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲል መምህሩ፣ ያውም የሚስቱ አባት፣ ገባ። «ተበላሸብህ? የማን ነው?» አለው። «የደንበኛ ነው» አለ። «በል መለያውን ጻፍና ስቀለው።» ደንብ ደንብ ነው። ወቀረ፣ ሰቀለ። ከዚያ በኋላ እጁ ሁለተኛውን ሊሠራ እምቢ አለው። ቁልፉ ግን እስከ ዛሬ እዚያው አለ። መለያው ላይ «ሣጥን» ይላል፤ ቀኑም አለበት።

እንዳያወርደው ምስማሩ ባዶ ይሆናል። ባዶ ምስማር ያለበትን ግድግዳ እሱ ራሱ አያምንም፤ «ከዚህ ምን ተነሳ?» ይላል፣ ማዘጋጃ ቤቱም እንዲሁ። በምትኩ ሌላ ቁልፍ በሐሰት መለያ ቢሰቅልስ? አንድ ቁልፍ ከዋሸ ሁሉም ዋሹ ማለት ነው። አንድ ውሸት ቤቱን እዚህ አድርሶታል፤ ሁለተኛውን ፈራ። ሚስቱን ቢያጣ ቤቱ ምን ያደርግለታል? ቤቱን ቢያጣ ደግሞ ሚስቱን የት ያስገባታል? አሥራ ሦስት ቀን እንዲህ ሆኖ ሞረዱን ይዞ ተቀመጠ። አንድም ቁልፍ አልሠራም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ባለቤቱ መኪናዋን አቆመች።

«አያቴ በበርጩማ ያቆመችውን ቤት አንተ በመጋረጃ ልታፈርሰው ነው?»

ተነሳ። «ጥሪያት» አለ።

ልጅቷ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መጣች። ቁልፍ ሠሪው መጋረጃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበው። ከወለል እስከ ጣሪያ ቁልፍ ነው፤ ከላይ የዛጉት፣ ከታች የሚያብረቀርቁት፣ አንድም ባዶ ምስማር የለ።

«መለያዎቹን ማን ያንብብልኝ?» አለች ልጅቷ። «ጽሑፉ ደቃቅ ነው።»

የቁልፍ ሠሪው ዓይን ደክሟል። ባለቤቱ ግን ዕድሜ ልኳን መርፌ ላይ ክር ስታስገባ የኖረች ናት። «እኔ አነባለሁ» አለችና መሰላል ላይ ወጣች። ቁልፍ ሠሪው መሰላሉን ያዘ።

«የእናቴ ቤት በር» አለች። የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እናቱም ያቺው ባለ በርጩማዋ። ቀኑንና ዓመቱን አነበበች፣ ልጅቷም ጻፈች። ቀጠለች። ሰባተኛው ላይ፣ «የመንገድ ሠራተኞች ዕቃ ቤት፣ ጓጉንቸር።» የዚህኛው ቀን ከመጀመሪያው በሁለት ዓመት ይዘገያል። ልጅቷ ቀና አለች። የመንገዱ ሥራ የተጀመረበትን ቀን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከሱ ጋር ገጠመ።

«በቃ» አለች፤ ዓይኗ ላይ እንባ ነበር። «ይህ ይበቃል። ግን እባክዎን ሁሉንም ያንብቡልኝ። ይህ የጎዳናው ታሪክ ነው።»

ነበረም። ወፍጮ ቤቱ መጣ፣ ከዚያ የጣቢያው መጋዘን፣ የሐኪም ቤቱ የመድኃኒት ቁም ሣጥን፣ የመጀመሪያው ፎቶ ቤት፣ ሁለት ጊዜ የተዘረፈው ጌጥ ቤት፣ የፀጉር አስተካካዩ አባት ሱቅ። ጎዳናው በር በበር እየተከፈተ ከጣቢያው ወደ ድልድዩ ወረደ። ሰፈርተኛው ደጃፉ ላይ ተሰብስቦ የራሱን በር ሲሰማ ይጮኻል። ቁልፍ ሠሪው ብቻ መሰላሉን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ምስማሮቹን ይቆጥራል። እስከዚያ ቁልፍ አራት ቀሩ። ሁለት ቀሩ።

«ሣጥን» አለች ባለቤቱ።

ቀኑን አነበበች። እጇ መለያው ላይ ቆየ።

«የማን ሣጥን?» አለች ልጅቷ፣ ብዕሯን አንስታ።

«የኛው ነው» አለች ባለቤቱ። «ጻፊው።» ወደሚቀጥለውም አለፈች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። ቤቷ አትነካም፤ ጎዳናውም እንደታጠፈ ይኖራል። ፀጉር አስተካካዩ ያን ቀን ሰውን ሁሉ በነፃ ላጨ። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ባለቤቱ ከ«በላህ?» እና ከ«በሩን ዝጋ» ሌላ አላናገረችውም። የደብዳቤውን ወሬ የሰማው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ሲሄድ፣ ሣጥኗን ከአልጋ ሥር አውጥታ ሞርሳው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ቤቱ ተረፈ። አሁን የኛን እንጨርስ። የተበላሸው እዚያ ተሰቅሏል። ደህነኛውስ የታለ?»

«አልሠራሁትም።»

ሁሉንም ነገራት፤ ሳሙናውን፣ አባቷን፣ እምቢ ያለውን እጁን። እየነገራት የራሱን ድምፅ ሰማው። ደንበኛ እንዲህ ቢነግረው ወዲያው «እርስዎ» ይለው ነበር። ለቤቱ ምስክር ግድግዳ ሙሉ አገኘ፤ ለራሱ አንድ ምስማር እንኳ የለውም።

ባለቤቱ ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ ሣጥኑን ከፈተች። ባዶ ነው።

«የቁልፌ ጥርስ ውስጥ ሳሙና አገኘሁ» አለች። «እኔ ቁልፍ አላጥብም። የዚያኑ ቀን ያለኝን አውጥቼ ሌላ ቦታ አኖርኩት። ከዚያ ወዲህ የቆለፍኩት ባዶ ሣጥን ነው። ብትከፍተው እንዳውቅ ደግሞ ክዳኑ ላይ ክር አሠርኩ።»

ቁልፍ ሠሪው ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ። «ክሩስ?»

«ተበጥሶ አያውቅም።»

«እንግዲያውስ ታውቂ ነበር! እንዳልከፈትኩት ታውቂ ነበር!»

«አንተ አይደለህ? በጥሰህ ተመሳሳይ ክር አሥረህ ይሆናል አልኩ። በየዓመቱ ቀለሙን እለውጠው ነበር።» ክዳኑን በጣቷ ዳበሰችው። «አወቅሁ እንጂ አላመንኩም። ጠርጥር የሚሉት አንተን ብቻ ነው። እኔን ማንም አልጠረጠረኝም።»

ውጭ አንድ አውቶቡስ ክርኑን እየተራገመ ዞረ።

«ያኔ ውስጡ ምን እንደነበር አትጠይቀኝም?» አለችው።

«ብትነግሪኝ የማምንሽ ይመስልሻል?»

አየችው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያላየችውን ያህል አየችው። «አይመስለኝም።»

«እንግዲያው አልጠይቅሽም» አለ። ይህን ያለው ከልቡ አዝኖ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ጠባይ ጠላው።

እሷም አዝና ይሁን ታርቃ አልታወቀም፤ ቁልፏን አቀበለችውና «ከዚያኛው ጋር ስቀለው» አለችው። እሱም መለያ ቆረጠ፣ ወቀረ፣ ተራ አይዘለልምና ከመጨረሻው ቁልፍ ቀጥሎ ሰቀለው። ሣጥኑን ወደ አልጋው ሥር ስትመልሰው አያት፤ አልቆለፈችውም። ከስፌት መኪናዋ ላይ ግን ቀይ ክር በጥሳ ወሰደችና ክዳኑ ላይ አሠረች።